ዶት አማዞን የማን ነው?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ትናንት እዚህ «ኩባንያ በስሙ ዶት (እንደ ዶት ኮም ያለ የድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ) ቢያስመዘግብ ማን ተጎዳ?» የሚል አንብቤ ደሜ ፈላ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተርኔት ገበያው አማዞን ዶት አማዞንን ሲጠይቅ ብራዚልና ፔሩ «የወንዛችን ስም ነው» ብለው ጮኹ። የኢንተርኔት አድራሻ ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን በ2014 ጥያቄውን ዘጋው። ኩባንያው ግን ተሟግቶ በ2019 አስፈቀደ። የተጎዳማ አለ!

መዝጋቢው፦ ባዩ እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልመለስም። ወንድሜ ቡና ቆልቶ ይሸጣል። የሱቁን ስም አንድ የማናውቀው ሰው በዶት ኮም ቀድሞ ያዘና «3 ሺህ ዶላር አምጣ» ብሎ ጻፈለት። ስልኩን ይዞ ቤቴ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የራስ ዶት ካለ እንዲህ ያለ ሌባ አይገባም፤ ቁልፉ ባለቤቱ እጅ ነው።

አቦል፦ «ባለቤቱ» ያልከው ላይ እንቁም። ኩባንያው ስሙን ያወጣው ከወንዙ ነው። ከጎረቤት በተዋሰው ድስት ክዳን ላይ ስሙን የጻፈ ሰው ባለቤት ይባላል?

መዝጋቢው፦ ወንዙን ማን ነካው? ብራዚል ዶት ቢአር፣ ፔሩ ዶት ፒኢ የሚባል የአገር ዶት አላቸው። በራሳቸው ቋንቋ ወንዙ አማዞናስ ነው። የአይካን ደንብም የአገርና የዋና ከተማ ስም ይጠብቃል እንጂ ወንዝ አላለም።

አቦል፦ ደንቡ ስላላለ ባለቤት ሆነ? ልብስ የሚሠራው ፓታጎኒያ አርጀንቲናና ቺሊ «የምድራችን ስም ነው» ብለው ሲቃወሙት በ2013 የዶት ፓታጎኒያ ጥያቄውን ራሱ ተወ። መተው ይቻላል ማለት ነው።

የጌዴኦ ልጅ፦ «በራሳቸው ቋንቋ» የሚለው አንጀቴን አሳረረው። ፈረንጅ ይርጋጨፌን አበላሽቶ ስለጠራው ስሙ የሱ ሊሆን ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ የቡና ስሞቿን ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት አሜሪካ ላስመዝግብ ስትል የእዚያው አገር ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ስታርባክስ ጋር የተስማማነው በ2007 ነው።

መዝጋቢው፦ አንተው መለስክልኝ! እኛም የታገልነው ለማስመዝገብ ነው።

የጌዴኦ ልጅ፦ ቡናውን የሚያበቅለው አገር ለገበሬው ብሎ ነው የጠየቀው! ይኼ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል?

ሰርቨር ጠባቂ፦ ዋጋውስ? በ2012 የራስ ዶት ለማውጣት ማመልከቻው ብቻ 185,000 ዶላር ነበር፤ ለአዲሱ ዙር 227,000 ሆኗል። በየዓመቱ ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። የወንድምህ ሱቅ በዚህ ይጠበቃል?

መዝጋቢው፦ ወንድሜን ተዉት! እሱ በኢትዮጵያ ዶት፣ በዶት ኢቲ፣ አድራሻ አውጥቷል።

አቦል፦ ለሱ ዶት ኢቲ ከበቃው ለአማዞን ዶት ኮም ለምን አይበቃውም?

መዝጋቢው፦ አንድ ፊደል ቀይረው በከፈቱት ገጽ ስንት ሰው የባንክ ካርዱን ቁጥር ተበላ? ያልደረሰበት ሰው እንዲህ ይላል።

የጌዴኦ ልጅ፦ ወደ ድስቱ ተመለስ። «ባለቤቱ» ያልከውን እስካሁን አላስረዳህም።