«ክፈትልኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የቡትሎደር፣ የሩት እና የአፕዴት ቃላት

ከደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሞፈር ቀንበሩን፣ የሽመናውን፣ የድግሱን ቃል ስንፈታ ቆይተናል። ዛሬ የራሴን ሙያ ቃል ይዤ መጣሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ እሠራለሁ፤ ከመፍቻው ይልቅ ሶፍትዌሩ ላይ ነው የምውለው።

በቀን ደጋግሜ ከምሰማቸው ቃላት አንዱ «ክፈትልኝ» ነው። ጠፍቶ የመጣን ስልክ «ክፈተው» ይሉኛል፤ አብራው ማለታቸው ነው። ፓተርን የጠፋበት «ክፈትልኝ» ይላል። ከውጭ ተልኮለት ሲም አልቀበል ያለውም «ክፈትልኝ» ነው የሚለው። ባትሪው ያበጠበትም እንደዚያው። አሁን ደግሞ ወጣቶቹ «ቡትሎደሩን (የስልኩን ሲስተም የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ክፈትልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ሥራው አምስት ዓይነት፣ ግሱ አንድ።

ይህን የማነሣው ለቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የመንዝ ልጅ ስልኩን ሩት ሊያስደርግ፣ ማለትም በሲስተሙ ላይ ሙሉ አዛዥ ሊሆን መጣ። «መጀመሪያ ቡትሎደሩ ይከፈታል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኩት። «ክፈተው» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ በድምፅ ቁልፉ እሺታውን መረጥኩ፣ በማብሪያው አጸደቅኩ። ስልኩ ተነሣና ልክ ከካርቶን እንደወጣ ዕለት «ቋንቋ ይምረጡ» አለ። ልጁ ጥቂት አየውና «ፎቶዎቹስ?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአባቴ ቃልስ?» አባቱ ከማረፋቸው በፊት የዘር ቆጠራቸውን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሲያወርዱ በስልኩ ቀድቷቸው ነበር። ሌላ ቦታ አላኖረውም።

አስቀድሜ ያልነገርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ቃሉም አዘናግቶናል። ሣጥን ቢከፈት ዕቃው አይጠፋም፣ በር ቢከፈት ቤቱ አይፈርስም፤ «መክፈት» ውስጥ መጥፋት የለም። የቡትሎደር መከፈት ግን በስልኩ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ስልኩን የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የባለቤቱን ጓዳ እንዳያይ ነው።

እኔ ለቡትሎደር «አጋፋሪ» የሚል ቃል አስቤያለሁ። ስልክ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው፤ የሲስተሙን ማኅተም አይቶ እውነተኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ያስገባዋል። ለ«መክፈት» ግን ምትክ አጣሁ። ምን ትላላችሁ?

ከአንኮበር፦

ወንድሜ፣ አጋፋሪ ጥሩ ነው፤ እዚህ አገር ቃሉን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። «እልፍኝ አስከልካይ»ም አለልህ፤ እሱ ግን ከልካይነቱ ይጎላል። አጋፋሪ በግብር ቀን ማን በማን ቀድሞ እንደሚገባ ያውቃል፤ ያስገባል፣ ያስቀምጣል፣ የማይገባውን ይመልሳል። ካልከው ሥራ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከተከፈተ በኋላ አጋፋሪው ይባረራል?

ከደብረ ብርሃን፦

አይባረርም። በሩ ላይ ይቆማል፤ ማኅተም ባይገጥምም ያስገባል። ብቻ ስልኩ በተነሣ ቁጥር የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያወጣል፤ በብዙ ስልኮች ብርቱካንማ ምልክት አለው። «የማላውቀው እንግዳ እያስገባሁ ነው» እንደማለት ነው። ቀዩ ሲመጣ ነው ጭንቁ፤ ያኔ ጭራሽ አያስገባም።

ከሸዋ ሮቢት፦

እኔ ከቃሉ ይልቅ ሥራው ላይ ጥያቄ አለኝ። ስልኬ ሩት ነው። አፕዴት መጣ ይለኛል፣ ዳታዬን ጨርሶ ያወርዳል፣ መጨረሻ ላይ «አልተሳካም» ይላል። አንዴማ ሎጎ ላይ ቆሞብኝ ሞተ ብዬ ነበር።

ከደብረ ብርሃን፦

ሎጎ ላይ የቆመና የሞተ ስልክ ለየቅል ናቸው፤ ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁለቱንም «ሞተ» ስለሚል እኛም እንደነግጣለን። ሎጎ ላይ የቆመ ገና ገመድ ሲሰኩበት ይሰማል፤ ይመለሳል። የሞተ የሚባለው ምንም ቢነካካ የማይመልስ ነው።

የአፕዴቱን ነገር በባና ላስረዳህ። ባናህ ተቀደደ እንበል። ጣፊዋ ቀዳዳውን ለክታ ልክ የሚገጥም እራፊ ቆርጣ ላከችልህ። አንተ ግን እራፊው እስኪደርስ ቀዳዳውን በሌላ ክር ሰፍተኸዋል። እራፊው አይገጥምም። በየጊዜው የሚመጣው ትንሹ አፕዴት እንዲህ ያለ እራፊ ነው። ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ፣ ሲስተሙን በፋይል ሳይሆን በብሎክ (ማከማቻው በተከፋፈለባቸው ትንንሽ ቁራጮች) ይለካዋል። አንዷ ብሎክ ብትለወጥ «ይህ እኔ የማውቀው ጨርቅ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። አንድም ፋይል ሳይነኩ የሲስተሙን ክፍል እንዲጻፍበት ፈቅዶ ማገናኘት (ማውንት ማድረግ) ብቻ እንኳ ልኬቱን ያዛባል። ስልክ ሩት የሚያደርገው መተግበሪያ፣ ማጂስክ፣ የተወደደውም በዚህ ነው፤ ሲስተሙን ትቶ ቡት ኢሜጁን (የማስነሻ ፋይሉን) ብቻ ይጥፋል። ሆኖም ያም የተጣፈ ነውና አፕዴቱ ያገኘዋል።

አሁን ባለ ሁለት ስሎት ስልክ፣ ማለትም ለሲስተሙ ሁለት መቀመጫ ያለው ከሆነ (ከአንድሮይድ 7.0 ወዲህ የመጣ አሠራር ነው) የክትና የዘወትር ልብስ በል። ዛሬ የለበስከው የዘወትሩ ነው፤ አፕዴቱ የሚጻፈው ሣጥን ውስጥ ባለው በክቱ ላይ ነው። ሪስታርት ስታደርግ ይቀያየራሉ። ስለዚህ አስቀድመህ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ አውቶማቲክ ሲስተም አፕዴት የሚለውን አጥፋ፤ ሳታውቀው እንዳይጭንብህ። ከዚያ ማጂስክ ውስጥ አንኢንስቶል የሚለውን ነክተህ ሪስቶር ኢሜጅስ በለው፤ የዘወትሩን እራፊ አንሥቶ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። አፕዴቱን ጫን። ሲጨርስ ሪስታርት በል ይልሃል፤ እንዳትነካው! ወደ ማጂስክ ተመለስና ወደ ኢንአክቲቭ ስሎት ጫን የሚለውን ምረጥ፤ አሁን ክቱን ጣፍከው ማለት ነው። ሪስታርቱ ከዚህ በኋላ ነው። ስሎቱ አንድ ብቻ ከሆነ መንገዱ እንደየስልኩ ነው፤ የአዲሱ አፕዴት ቡት ኢሜጅ እንደገና መጣፍ አለበት።

አደራ፣ እራፊው እያለ ቡትሎደሩን መልሰህ እንዳትቆልፍ። አጋፋሪው ማኅተም ማየት ይጀምራል፣ የተጣፈውን ያያል፣ ስልኩ አይነሣም።

ከደብረ ሲና፦

የክትና የዘወትሩ ገብቶኛል፤ እወስደዋለሁ። «ሩት»ን ግን አትንኩት። «ሩት አደረገው»፣ «ሩት ተደረገ» እየተባለ በአማርኛ ግስ መርባት ጀምሯል። ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት ጋር የሚያምታታውም የለም። ቃል ሰው አፍ ውስጥ ከገባ ዜጋ ሆኗል።

ከመሐል ሜዳ፦

ልጆቼ፣ በጡረታ ዘመኔ እናንተን ማንበብ ደስ ይለኛል። አማርኛ ያስተማርኩበት ዘመን ረጅም ነው፤ እስቲ ሦስት ነገር ልበል።

«ሩት»ን ብዙ ሰው «ሥር» ብሎ ይተረጉማል። ዛፉን ካየን ልክ ነው። ነገር ግን በእኛ አፍ «በሥሩ ያሉ» ማለት የሚታዘዙት ናቸው፤ «ከእገሌ ሥር ነው» ሲባልም የበታች ነው። የስልኩ ሩት ደግሞ ከሁሉ በላይ ያለው አዛዥ ነው። ስለዚህ «ሥር» ብንለው ትርጉሙ ተገልብጦ ይወድቃል። እዚህ መንዝ ለዚያ የሚሆን ቃል ነበረን፤ «ባለርስት»። በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ያመርታል፣ ይኖራል፤ ስለ መሬቱ ግን አይወስንም። ስልክ ገዝቶ ሩት የሌለው ሰውም በገዛ ስልኩ ላይ እንዲሁ ነው። የርስቱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የደብረ ሲናው ልጄም አይከፋው፤ «ሩት» በአፍ ይቆይ፣ «ባለርስት» ለማስረዳት ይሁን።

ሁለተኛ፣ «ጣፈ» ማለትህን ወደድኩት። በድሮው የገጠር አነጋገር «ጣፈ» ጻፈ ማለትም ነው፤ መጽሐፉን «መጣፍ» የምንለው ለዚህ ነው። ያ ማጂስክ የምትለው ይሰፋልም ይጽፋልም፤ ሁለቱንም አንድ ቃል ያዘለት።

ሦስተኛውና የጠየቅኸው። እኔ «ማስለቀቅ» እላለሁ። መያዣ ይለቀቃል፤ የታሰረ ነገር ነጻ ወጣ ማለት ነው። ቤትም ይለቀቃል፤ ያኔ ነዋሪው ዕቃውን ይዞ መውጣት አለበት። «ቡትሎደሩን ላስለቅቅልህ» ብትለው ያ ልጅ «ቤቱ ውስጥ ያለውስ?» ብሎ ይጠይቅህ ነበር። የአባቱ ነገር አሳዝኖኛል። አቅኚ አባታቸውን ከነገረኝ እዚህ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ላገናኘው እችላለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጁ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ለጥምቀት ወደዚያ ይመጣል።

«ማስለቀቅ»ን ያነበብኩ ዕለት ማታ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ባንኮኒው ላይ ለጠፍኩት፤ «ቡትሎደር እናስለቅቃለን። ሲለቀቅ በስልኩ ያለው ሁሉ ይወጣል።» በማግስቱ ጠዋት አንዲት ተማሪ አነበበችው። «ሁሉ ማለት ፎቶም ጭምር ነው?» አለችኝ። ፎቶም፣ ድምፅም፣ የተጻጻፍሽውም አልኳት። ስልኩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እንግዲያው መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ልገልብጥ» ብላ ሄደች። ዛሬ ከሰዓት ተመልሳ መጣች።