ለጠባብ ግቢ ወይራ ይሻላል ወይስ ወይን?

የአራት ኪሎዋ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአትክልት ወዳጆች። ምክር ፈልጌ ነው።

የእናቴ ቤት አራት ኪሎ ነው፤ ከድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች አንዱ። ፊት ለፊቱ ጠበብ ያለ ግቢ አለ። በደቡብ በኩል የጎረቤት ግንብ ነው። በምዕራብ በኩል ትልቅ የኮክ ዛፍ ነበረን፤ አርጅቶ ደረቀና ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ በረንዳው ላይ ትገባለች። እማዬ ቡና የምታፈላው እዚያው ነው። ረከቦቱንና በርጩማዋን እየጎተተች ጥላ ስትፈልግ ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች።

እሷ ወይራ ይተከል ነው የምትለው። «ቅጠሉ አይረግፍም፣ ለጋን ማጠኛም ይሆነኛል» ትላለች። ለጠላው የወይራ እንጨት ከገበያ መግዛት ሰልችቷታል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ወይን ተክለን ዳስ እንሥራላት ይላል፤ ጥላም ፍሬም ይሆናል ባይ ነው።

ሁኔታችን እንዲህ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። የሽንት ቤት ጉድጓዱ በሰሜን በኩል ካለው አጥር ሥር ነው። እማዬ ሰባን አልፋለች፣ መሰላል ላይ አትወጣም። እኔ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሁለቱንም ግቢያችሁ ውስጥ ያያችሁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ።

ችግኝ አፍይ

እናትሽን ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ።

ከማይረግፉት መካከል ወይራን መምረጣቸው በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ጽድ ወይም ዝግባ ስጠኝ ይለኛል። ሁለቱም ከ30 ሜትር በላይ የሚሄዱ ዛፎች ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆኑም። ወይራ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ መቀስም ይችላል። ጫፉን እየቆረጥሽ አራት ሜትር ላይ ልታቆዪው ትችያለሽ። የምትቆርጪው ቅርንጫፍ ደግሞ ለማጠኛና ለመፋቂያ ይሆናል።

ቦታው ላይ ግን ተጠንቀቂ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ በደቡብ በኩል ከተከልሽ፣ እናትሽ ሙቀት በሚያስፈልጋቸው በዚያ ብርድ ወር ቤቱ ፀሐይ አያገኝም። ስለዚህ ኮኩ የነበረበት ምዕራቡ ላይ ይሁን፤ ከአጥሩም ከጉድጓዱም ይራቅ። ዋልካ ከሆነ አፈሩን በፍግና በአሸዋ አላልተሽ፣ ጉብ አድርገሽ ከላዩ ላይ ትከዪ። ወይራ ድርቅ ይችላል፤ የተኛ ውሃ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ወይራ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። ሰው የሚያስቀምጥ ጥላ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስዳል።

የፒያሳው አባት

ልጄ፣ ስለ ወይን እኔ ልንገርሽ። ፒያሳ በሚገኘው ግቢዬ አባቴ የተከሉት ወይን እስከ ዛሬ ፍሬ ይሰጣል። ከወይን ሥር ተቀምጦ ምሳ መብላት የሚሰጠውን ደስታ በሌላ አልለውጠውም። ነገር ግን እናትሽ ብቻቸውን ከሆኑ አልመክርሽም።

ወይን በየዓመቱ ካልተቆረጠ ፍሬ የለውም። ዘለላው የሚይዘው ባለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ላይ በሚወጣው አዲስ ለጋ ነው። ዝም ካልሽው እንጨቱ እየረዘመ፣ ቅጠሉ እየበዛ፣ ፍሬው እያነሰ ይሄዳል። እኔ ክረምቱ ሲወጣ ጥቅምት ላይ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ሁለት ዓይን አስቀርቼ እቆርጠዋለሁ። ስትቆርጪው ከጫፉ እንደ እንባ ውሃ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ አትደንግጪ። ከዚያ በጋውን ሙሉ ውሃ ይፈልጋል፤ ያውም ፈረቃው በሚጠብቅበት ጊዜ።

ትልቁ ጠላት ክረምታችን ነው። ዝዋይ ላይ ወይን የሚያምረው አገሩ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነና ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ነው። እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። በዚያ ወቅት የደረሰ ዘለላ ይፈነዳል፣ ይበሰብሳል። ቅጠሉን ማሳሳት፣ የታመመውን መልቀም፣ መድኃኒት መርጨት አለ። ፍሬው ሲቀላ ደግሞ ወፍ ከአንቺ ቀድሞ ያውቃል። ባለቤቴ በአሮጌ የመጋረጃ ዳንቴል ነው ዘለላ በዘለላ የምትሸፍነው። ይህ ሁሉ መሰላል ላይ ወጥቶ ነው። ወንድምሽ ይህን እሠራለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የአራት ኪሎዋ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወንድሜን ዛሬ ማታ ጠየቅሁት። ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሚያስኬደው በየጥቅምቱ እገኛለሁ ማለት አልቻለም። ስለዚህ ወይኑን ትተነዋል።

ግን ወይራው እስኪያድግ እማዬ ፀሐይ ላይ ልትቀመጥ ነው? እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ጥላ ለልጆቻችን ይሆናል። ለእሷ ዘንድሮ የሚሆን ነገር ነው የምፈልገው።

የካዛንቺስዋ

እህቴ፣ ፓሽን ፍሩት ሞክሪ። ሐረግ ነው፣ ቅጠሉም አይረግፍም። ሐምራዊው ዓይነት ደጋ ይስማማዋል፤ ቢጫው ግን ቆላ ነው የሚወደው። እኔ ገዝቼ ከበላሁት ፍሬ ዘሩን አጥቤ ነው ያበቀልኩት። በዓመቱ ሽቦውን ሞላው፣ ብዙም ሳይቆይ አፈራ። ፍሬው ሲበስል ራሱ ይወድቃል፤ እናትሽ ጠዋት ጠዋት ከመሬት ይለቅሙታል እንጂ መሰላል አያስፈልጋቸውም። ቆዳው ሲጨማደድ ተበላሸ ብለው እንዳይጥሉት፤ ያኔ ነው የሚጣፍጠው።

ድካሙንም ልንገርሽ። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሆነ በጋ ላይ ቶሎ ይጠወልጋል። እኔ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ነው የማጠጣው፤ በረኪና የገባበትን ግን አላስጠጋውም። ሌላው፣ ቆርቆሮ ሥር መግባት ይወዳል። አንድ ክረምት አሸንዳዬን በጅማቱ ጠምጥሞ ዘግቶት ውሃው ወደ ሳሎን ገባ። ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ርቆ እንዲቆም አድርጊ፤ ወደዚያ የሚሄደውን ለጋ ስትመጪ ቁረጪ። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ ይደክማል።

ችግኝ አፍይ

ዕድሜው ማጠሩ እኮ ለእናንተ ጥሩ ነው። ወይራውን ምዕራቡ ላይ፣ ፓሽኑን በረንዳው ጫፍ ላይ አብራችሁ ትከሉ። ሐረጉ በዓመቱ ጥላ ይሰጣል። ሐረጉ ሲደክም ወይራው ከሰው ቁመት አልፎ ይደርስላችኋል። ያኔ ጥላው ካልበቃ፣ ሽቦው ቆሞ ስለሚጠብቅ አዲስ ዘር ማስገባት ብቻ ነው። ሁለት ቱቦላሬ አቁሚ፣ ከሁለት ሜትር ከፍ ይበል፤ ከላይ ወፍራም ሽቦ ወጥሪበት። ጣውላ ብታደርጊ ዝናብ ይበላዋል።

የአራት ኪሎዋ

ተመስገን! ይሄ መልስ ነው። ለእማዬ ነገርኳት። «ወይራዬ ከተተከለልኝ ሐረጉን እኔ አጠጣዋለሁ» አለች። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ጉድጓዱን እንቆፍራለን፤ ችግኙን ዝናቡ ሲጠና ሰኔ መጨረሻ ላይ እናስገባለን። ቱቦላሬውን የሚበይድልን ሰው ሰፈር ውስጥ አለ። በወይራውና በሐረጉ መካከል ስንት ሜትር ይኑር?

የፒያሳው አባት

ከሦስት ሜትር አታሳንሺው፣ ልጄ። የፓሽን ሐረግ ጅማቱ ያገኘውን ይጨብጣል። ለጋ ወይራ ላይ ከወጣ ብርሃን ነሥቶ ያጎብጠዋል፤ ቅዳሜ ስትመጪ መጀመሪያ እሱን እዪ። ወይራውንም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በባልዲ አጠጡት፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። ለማጠኛ ደግሞ እናትሽ አይቸኩሉ፤ ግንዱ እንደ ክንድ እስኪወፍር ቅርንጫፍ አይሰበርበት።