ሰው ወደ ጎን ሲያይ ዓይኔ ለምን ይከተለዋል?

ማርታ_ቲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሆኜ ሳወራ ያ ሰው ድንገት በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ኋላ ካየ፣ ምንም እንደሌለ እያወቅኩ እንኳ ዓይኔ ቀድሞኝ ይዞራል። ላለማየት ብታገልም አልችልም። ይሄ ሪፍሌክስ (ሳያስቡት በራሱ የሚመጣ ምላሽ) ነው ወይስ ልማድ? የትኛው የአንጎል ክፍል ነው የሚያዘው?

ዳኒ_ነርቭ፦
ለሪፍሌክስ በጣም የቀረበ ነው። በ1998 ክሪስ ፍሪዘንና አለን ኪንግስቶን የሚባሉ ተመራማሪዎች ስክሪን ላይ ተራ ፊት ሣሉ፣ ክብ ውስጥ ዓይንና አፍ ያለበት ነገር። ብሌኑ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ በአንዱ በኩል ፊደል ብቅ ይላል። የዓይኑ አቅጣጫ ፊደሉ የሚመጣበትን እንደማይጠቁም ለተሳታፊዎቹ በግልጽ ተነግሯቸዋል። ቢሆንም ፊደሉ ዓይኑ ባየበት በኩል ሲመጣ ቶሎ ይመልሱ ነበር። ሥዕል እኮ ነው! በ1999 ደግሞ ጆን ድራይቨርና ባልደረቦቹ ነገሩን አከበዱት፤ ፊደሉ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው በኩል እንዲመጣ አደረጉ፣ ለሰዎቹም ነገሯቸው። መጀመሪያ ላይ ትኩረታቸው አሁንም ዓይኑን ነው የተከተለው።

ሶል፦
የአንጎሉን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ከጆሮ ከፍ ብሎ ባለው የአንጎል ጎን ሱፔሪየር ቴምፖራል ሰልከስ የሚባል ስርጉድ አለ። ዴቪድ ፔሬትና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ዝንጀሮዎች ላይ ሲያጠኑ፣ እዚያ ያሉ አንዳንድ ህዋሶች ፊት ወይም ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ብቻ እንደሚነቁ አገኙ። መረጃው ከዚያ ትኩረትን ወደሚመሩት የጎንና የፊት ክፍሎች ይተላለፋል። ዓይኑን ራሱን የሚያንቀሳቅሰው ትዕዛዝ በዋናነት ፍሮንታል አይ ፊልድ ከሚባለው የአንጎል የፊት ክፍልና ከታች፣ መካከለኛው አንጎል ላይ ካለው ሱፔሪየር ኮሊኩለስ ይነሳል። አንድ ክፍል ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ጨረቃ፦
ዓይንና ትኩረትን አንድ አታድርጓቸው እንጂ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓይኑን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ ትኩረቱን ሌላ ቦታ መላክ እንደሚችል አሳይቷል። ሁለቱ ግን የሚጋሩት መሣሪያ አለ፦ በ2001 ቲሪን ሙርና ማዚያር ፋላህ የዝንጀሮን ፍሮንታል አይ ፊልድ ዓይኑን ለማንቀሳቀስ በማይበቃ ደካማ ኤሌክትሪክ ነካ አደረጉት። ዓይኑ ንቅንቅ አላለም፤ ኤሌክትሪኩ ቢበረታ ዓይኑ ይሄድበት በነበረው ቦታ ላይ ያለ ለውጥ ግን በተሻለ ይታየው ጀመር። ስለዚህ ማርታ፣ ዓይንሽን ብትይዢውም ትኩረትሽ ሾልኮ ሊሄድ ይችላል።

ማርታ_ቲ፦
ኧረ ጉድ ነው! ብዙ ሰው ሲሆንስ ይብሳል?

ዳኒ_ነርቭ፦
በደንብ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ በ1969 ባሳተሙት ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ ሰው እግረኛ መንገድ ላይ አቁመው ወደ አንድ መስኮት ሽቅብ እንዲያይ አደረጉ። አንድ ሰው ብቻ ሲያይ ከአላፊ አግዳሚው 42 በመቶው ቀና አለ፣ 15 ሰው ሲያይ 86 በመቶው። ቆሞ ያየው ግን 15 ሰው ሲያይም እንኳ 40 በመቶ ብቻ ነው።

ማርታ_ቲ፦
በቃ፣ ነገ ሰው ሰብስቤ ጣሪያ ላይ አፈጣለሁ 😂