ለጋራ የውኃ ቀለም ሥዕላችን የቀረበ ረቂቅ፦ የኬኔዲ ስንብት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የጋራ ሥዕላችን ርእስ ለፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ የተደረገው ሕዝባዊ ኀዘን እንዲሆን ስለተስማማን፣ የቀረን የትኛውን ቅጽበት እንደምንሥል መወሰን ነው። እኔ የማቀርበው ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. ከዋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በእግር የተደረገውን የቀብር ጉዞ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቁመተ ረጅሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ደጎል ጋር በፊተኛው ረድፍ የተራመዱበት በመሆኑ ለተመልካቻችን ይቀርበዋል።

የቀለም ክፍል ተጠሪ፦ ሐሳብዎን ባከብርም፣ ጃንሆይን ከፊት ካስቀመጥን ሥዕሉ የመሪዎች እንጂ የሐዘንተኛው ሕዝብ አይሆንም። በዋዜማው አስከሬኑ ባረፈበት በካፒቶል (በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ሌሊቱን በሙሉ በሩ ክፍት ሆኖ 250,000 ያህል ሰው ተሰናብቷል። ያ በብርድ ለሰዓታት የቆመ ሰልፍ ለውኃ ቀለም የተመቸ ነው፤ ወረቀቱ ሳይደርቅ ጨለማውን ብናሳርፍበት ካፖርቶቹ እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ፊት ብቻ ለይተን እናወጣለን። የመብራቱን ነጭ ወረቀቱ ራሱ ይስጠን። ጥቁሩን ግን ከአልትራማሪን ሰማያዊና ከተቃጠለ ሲየና (ቀላ ካለው ቡናማ) እንቀላቅለው፤ በቱቦ ጥቁር የተሣለ ሕዝብ የከሰል ክምር ሲመስል ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

አንዲት አባል፦ በሰልፉ እስማማለሁ፤ ሆኖም በቀብር ጉዞው የተሳበው ብላክ ጃክ የተባለው ጋላቢ የሌለው ጥቁር ፈረስ መቅረት የለበትም። ከርካቡ ላይ ጫማው ወደ ኋላ ዞሮ ታስሮ፣ ፈረሱ አላርፍ እያለ ሳቢውን ወታደር ሲያስቸግር ታይቷል። በእኛም አገር በመኳንንት ለቅሶ የሟች ፈረስ ከነጋሻው ይወጣ ስለነበር፣ ትርጉሙን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የፈረሱ ነገር አሳምኖኛል። በመሆኑም ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ፦ ዋናው ሥዕል የሌሊቱ ሰልፍ ይሆናል፤ ፈረሱ ከርካቡና ከጫማው ጋር በአነስተኛ ወረቀት ለብቻው ተሥሎ ከጎኑ ይሰቀላል፤ ጃንሆይ በመግለጫው ጽሑፍ ብቻ ይጠቀሳሉ። የውኃ ቀለም በብርሃን ስለሚደበዝዝ፣ የማሳያ ክፍሉ መብራት ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) እንዳይበልጥና ሥዕሎቹ ከመስኮት ፊት ለፊት እንዳይሰቀሉ የሚያዝ አንቀጽም ጨምሬያለሁ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ባለ 300 ግራም ይሁን ወይስ ወፍራሙ ባለ 640 የሚለውን የቀለም ክፍሉ ሞክሮ ያሳውቀን።