ልጄ «የቀበና ወንዝ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ፣ ምን ብዬ ላስረዳት?

የቤቢ እናት፦
ሰላም ናችሁ፣ የ7 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ትላንት ከትምህርት ቤት ስመልሳት ቀበና ድልድይ ላይ ቆማ ቁልቁል እያየች «እማዬ ይሄ ውሃ ከየት መጣ የትስ ነው የሚሄደው?» አለችኝ፣ ከእንጦጦ መጥቶ ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው ስላት «ከዛስ?» አለች። መጽሐፏ ላይ ደግሞ ተፋሰስ የሚል ቃል አለ፣ ፍቺውን አንብቤላት ጭራሽ አልገባትም። በልጅ አፍ እንዴት ነው የሚነገረው?

የፈረንሳይ ልጅ፦
እህቴ እኔ ያደግኩት እዛ ወንዝ ዳር ነው፣ ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ። ለልጄ የነገርኩት የቤታችንን ቆርቆሮ ጣራ እያሳየሁ ነው። ጣራው አናት ላይ የወደቀ ጠብታ ወይ ወደ ጓሮ ወይ ወደ ደጅ ነው የሚንሸራተተው አይደል? እንጦጦም ልክ እንደዛ ነው። በወዲያ በሱሉልታ በኩል የወደቀው ወደ ሙገር ይወርድና ዓባይ ገብቶ ሱዳንን ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባህር ይደርሳል፣ በወዲህ በኛ በኩል የወደቀው ግን በቀበና አድርጎ አቃቂ፣ ከዛ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዛ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባህር የሚባል አያይም! 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አፋር ውስጥ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ይገባል፣ እዛው በፀሐይ ይተናል። እና ወንዙ አሸንዳው ነው በያት፣ ተፋሰስ ማለት ደግሞ ወደዛ አሸንዳ የሚወርደው የጣራው ክፍል በሙሉ።

ቲቸር፦
የጣራው ምሳሌ ቆንጆ ነው፣ ግን ጣራ ውሃ አይጠጣም መሬት ግን ይጠጣል፣ እሱን ካልጨመርሽላት ወንዙ በጋ ላይ ዝናብ ሳይኖር ለምን እንደሚፈስ አይገባትም። እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው፣ ሁለት ትሪ ዘመም አድርጌ አንዱ ላይ ከነሳሩ የተነሳ አፈር አንዱ ላይ ባዶ አፈር፣ የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በስቼ እንደ ዝናብ አፈስበታለሁ። ከሳሩ ስር ጠራ ያለ ውሃ ቀስ እያለ ጠብ ጠብ ይላል፣ ዝናቡን ካቆምኩ በኋላም ይቀጥላል፣ ከባዶው ግን ወዲያው ጭቃ ይወርዳል። ያኔ ልጆቹ ራሳቸው «ቀበና ክረምት ላይ ሻይ በወተት የሚመስለው ለዚህ ነው እንዴ?» ይሉኛል። አፈሩ አናት ላይ ቆንጠር አድርገሽ በርበሬ በትኚበትና ታች ትሪው ጠርዝ ላይ ትፈልገው፣ ቆሻሻ እንዴት እንደሚጓዝ በዓይኗ ታያለች።

አቢ፦
ሁሉም ጥሩ ነው ግን እባካችሁ ሐምሌ ነሐሴ ላይ ልጅ ይዛችሁ ወንዝ ውስጥ እንዳትወርዱ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ዘንቦ ከሆነ ደራሹ ሳይታሰብ ከች ይላል። ድልድይ ላይ ሆናችሁ አሳዩ።

የቤቢ እናት፦
ተባረኩ! በርበሬውን ትሪው ጥግ ላይ ስታገኘው «የልብስ እጣቢያችንም አፋር ይሄዳል ማለት ነው?» አለችኝ፣ አዎ መንገዱ ያው ነው አልኳት፣ ዝም ብላ ቆየች። አያቷ ደግሞ ሱሉልታ ስለሆነች ማታ ደውላ «አያቴ ያንቺ ዝናብ ወደ ዓባይ ነው የኛ ወደ አዋሽ» ብላ ነገረቻት። ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተን ጣራው የሚከፈልበትን ቦታ አሳዪኝ ብላለች፣ ይዣት ልወጣ ነው።