በስምንተኛው ቀን ደብዛዛ መስመር፤ እናቴ ነገ ጠዋት ይገባሉ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጤና ይስጥልኝ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሦስት ዓመት ያላየኋቸው እናቴ ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። እኔ ኮቪድ ከጀመረኝ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ በሚሠራው የአንቲጂን ምርመራ «ሲ» (ምርመራው መሥራቱን የሚያሳየው) ላይ ደማቅ መስመር፣ «ቲ» (ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው) ላይ ደግሞ ወደ መስኮት ካላስጠጉት የማይታይ ደብዛዛ መስመር ወጣ። አቅፌ ልቀበላቸው እችላለሁ?

አባ መላ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ምርመራው የሚፈልገውን ነገር ማወቅ ይበጅሻል። ፒሲአር የሚባለው የላብራቶሪ ምርመራ የቫይረሱን ዘረመል እያባዛ ስለሚፈልግ፣ ሰው ካገገመ ከሳምንታት በኋላ እንኳ የቀረውን ስብርባሪ ሊያገኝ ይችላል። አንቲጂን ግን የቫይረሱን ፕሮቲን ምንም ሳያባዛ ስለሚይዝ፣ መስመሩ እንዲወጣ አፍንጫ ውስጥ ብዙ ቫይረስ መኖር አለበት። ስለዚህም ሰውየው ገና ያስተላልፍ እንደሆነ ለመገመት ከፒሲአር ይልቅ አንቲጂን ይሻላል።

ተስፈኛው፦
ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ደብዛዛ መስመር የሞተ ቫይረስ ነው። ባለቤቴ ከዳነች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ፖዘቲቭ ነበረች። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2024 ለአምስት ቀን ራስን ለይቶ የመቆየቱን ምክር አንሥቷል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትዎ የተመረመሩት በፒሲአር ሳይሆን አይቀርም። ማዕከሉም ቢሆን ሕመሙ እየቀለለ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ለ24 ሰዓት ከጠፋ ሰው መውጣት እንደሚችል ሲገልጽ፣ ለተጨማሪ አምስት ቀናት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በማድረግና በመሳሰለው እንዲጠነቀቅ መክሯል፤ ይህን መተው አይገባም። እህቴ፣ መስመሩ በመመሪያው ጊዜ ውስጥ ከወጣ፣ የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ፖዘቲቭ ነው፤ ማስተላለፍ እንደሚችሉ አድርገው ይቁጠሩት። የመስመሩን ድምቀት እንደ ሚዛን አይጠቀሙበት፤ ጥጡ ከአፍንጫ የሚያነሣው መጠን በየጊዜው ይለያያልና። ለመሆኑ በስንተኛው ደቂቃ አዩት? ትኩሳትስ አለ?

የጎረቤት ልጅ፦
እንደገና ይመርመሩ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ የቀረኝ ሳል ብቻ ነው። ሰዓቱን ግን አልያዝኩም፤ ቡና ላፈላ ሄጄ ስመለስ ነው ያየሁት።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
እንግዲያው የዛሬው ውጤት አይታመንም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚታይ መስመር ያሳስታል። ሁለቱንም አፍንጫዎን በደንብ አዙረው ናሙና ይውሰዱና መመሪያው ባዘዘው ደቂቃ፣ በብዙዎቹ ኪቶች በ15ኛው፣ ያንብቡት። ኔጌቲቭ ቢሆንም አንዱ ብቻውን አያስተማምንም፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲደገም ያሳሰበው ለዚህ ነው።

እመ ብርሃን ታውቃለች፦
ነገ ጠዋት 48 ሰዓት አይሞላም፤ ስለዚህ እናትሽን ሌላ ሰው ይቀበላቸው። ወደ ቤት ከመጡም መስኮቱን ክፈቺ፣ መሸፈኛሽን አታውልቂ፣ ማዕዱንም ለየብቻ አድርጉት፤ እናትሽ በዚህ ቅር ቢላቸውም ሁለት ቀን ይታገሡሽ።

የጎረቤት ልጅ፦
እንደገና ይመርመሩ ያልኩት ለዚሁ ነበር። ማታ የወጣውን ንገሩን።