«ሰማሁት እንጂ አልለየሁትም»፦ ስሜት፣ ግንዛቤ ወይስ ሌላ ቃል?

ፊደል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ልቦና መማሪያ እየተረጎምኩ አንድ ቦታ ላይ ተገትሬያለሁ። መጽሐፉ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ብርሃን ዐይን ላይ፣ ድምፅ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ሰውነታችን የሚቀበለው ጥሬ መልእክት ነው። ሁለተኛው አንጎል ያንን ይዞ «ይሄ እኮ በር ሲንኳኳ ነው» የሚልበት ነው። የመጀመሪያውን «ስሜት»፣ ሁለተኛውን «ግንዛቤ» አልኳቸው። አርታኢዬ ሁለቱንም ሰረዘችብኝ። ምን ትላላችሁ?

ሰምና ወርቅ፦
እውነቷን ነው። «ስሜት» ስትል አንባቢ የሚመጣበት ንዴትና ፍቅር ነው። «ስሜታዊ ሰው» ቶሎ የሚግል ሰው እንጂ ጆሮው ንቁ የሆነ ሰው አይደለም። «ግንዛቤ» ደግሞ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ከሚሉት ስብሰባ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

የሚገርመው «ስሜት» የወጣው ከ«ሰማ» መሆኑ ነው። አማርኛ የጆሮን ግስ ለቆዳም ለሆድም አበድሯል። «ሙቀት ተሰማኝ»፣ «ህመም ተሰማኝ» እንላለን፣ ህመም ድምፅ ያለው ይመስል።

ብራና፦
ስለ «ሕዋስ» ልጨምር። ዛሬ ባዮሎጂ የተማረ ልጅ «ሕዋስ» ሲባል በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ነገር ያስባል። በድሮው አነጋገር ግን «አምስቱ ሕዋሳት» ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ስለዚህ «የስሜት ሕዋሳት» ብለህ ከጻፍክ አንዱ ዐይንና ጆሮ፣ ሌላው ነርቭ ይመጣበታል። (በነገራችን ላይ አምስት ብቻም አይደሉም። ዐይንህን ጨፍነህ እጅህ የት እንዳለ ታውቃለህ። ሚዛን መጠበቅም የውስጠኛው ጆሮ ሥራ ነው።)

ቃል በቃል፦
ሁላችሁም ስም ትፈልጋላችሁ፤ መልሱ ያለው ግሱ ላይ ነው። ስልክ ይደወልልሃል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ከዘጋህ በኋላ ምን ትላለህ? «ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን አልለየሁትም።» አለቀ! «መስማት» የመጀመሪያው ነው፣ «መለየት» ሁለተኛው። ያንተ መጽሐፍ በምዕራፍ የሚያብራራውን ሰው ስልክ ዘግቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለዋል።

ሌላም አለ። «አየሁ» ስል አድራጊው እኔ ነኝ። «ታየኝ»፣ «ሸተተኝ»፣ «በረደኝ» ስል ግን ነገሩ ነው የሚያደርገው፣ እኔ ተደራጊ ነኝ። ከሁሉ የምወደው «ታወቀኝ» ነው። ትንሽ ዕቃ በያዘ እጅህ ላይ ጥቂት ግራም ቢጨመር ይታወቅሃል። ከባድ ሸክም ላይ ያንኑ ቢጨምሩበት አይታወቅህም። ጀርመናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ኤርንስት ቬበር ያየው ይህን ነው፦ ለውጥ የሚታወቀው ቀድሞ ከነበረው አንጻር ነው። ሌላው ጀርመናዊ ተመራማሪ ፌሽነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሒሳብ አሰፈረው። በሚታወቀውና በማይታወቀው መካከል ያለውን ድንበር ለመሰየም ከ«ታወቀኝ» የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ፊደል ለቃሚ፦
ይሄስ ገባኝ። ስለ ትኩረት የሚያወራ ምዕራፍም አለ። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ብዬ ብገባበትስ?

ሰምና ወርቅ፦
ኧረ ተው! «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚባለው ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን ሰው ነው፣ እያወቀ። አንተ የምትፈልገው ሳያውቅ የሚያመልጠውን ነው። እሱ «ልብ አላለም» ነው። ሲሞንስና ቻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ተመልካቾች በቪዲዮ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ወጣ። ግማሽ ያህሉ ልብ አላሉትም። ጎሪላውን «ጆሮ ዳባ ልበስ» አላሉትም፣ ቆጠራው ላይ ስለነበሩ ነው። «ዐይኑ አዋጅ ሆነበት»ም እዚህ አይሠራም፤ እሱ የሚያየው በዝቶበት አንዱን መምረጥ ያቃተው ሰው ነው።

ብራና፦
«መሰለኝ»ንም እንዳትረሳት። ትናንት ማታ መብራት ሳላበራ ክፍሌ ገባሁ። ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። ትከሻው ጎበጥ ብሏል፣ ጭንቅላቱ ግን አይታይም። ልቤ ዘለለ። ሳበራው የራሴ ጃኬት! «ሰው መሰለኝ» አልኩ። ዐይኔ የሰጠኝ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነበር፣ ሰው ያደረገው አንጎሌ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ማየትን ሳይታወቀን የምንደርስበት ድምዳሜ ያለው ለዚህ ነው።

ቃል በቃል፦
ጋሼ ብራና፣ ጃኬቱን መስቀል ይልመዱ እንጂ! ግን ልክ ነዎት። መምሰል ለጆሮም ይሠራል። ማክገርክና ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳዩት ነገር አለ። ድምፁ «ባ» ይላል፣ በቪዲዮ የሚታየው ከንፈር «ጋ» ይላል። ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ነው። «ባ» ከንፈር ሳይገጥም አይወጣም፣ የሚታየው ከንፈር ደግሞ አልገጠመም። አንጎል አስታርቆ መሀል ያለውን ይሰጥሃል። ዐይንህን ስትጨፍን «ባ» ይመለሳል።

ፊደል ለቃሚ፦
እንግዲያው ወስኛለሁ። ለመጀመሪያው «በሕዋሳት መቀበል»፣ ለሁለተኛው «መለየት»። «ስሜት»ን ለንዴትና ለፍቅር እተዋለሁ።

ሰምና ወርቅ፦
ጥሩ ነው። «አንጎሉ ለየለት» ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ። አንባቢው «አበደ» ያልክ ይመስለዋል።